ቶምካት ይበቃናል ወይስ ውሉን እናድስ? የ34 መልሶች ወግ

ጥያቄውን የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ለተነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ ተጠያቂውም እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት አለቃዬ የአፕሊኬሽን ሰርቨራችንን (ሲስተማችን የሚሠራበትን ሶፍትዌር) የድጋፍ ውል ማደሻ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ የምንከፍለው ለምንድን ነው ብሎኝ ወጣ። መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜን እንደምንም አሳለፍኩ። እሁድ ማታ ግን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።

የጻፍኩት ባጭሩ ይህ ነው። የዕቃ ክምችትና የትዕዛዝ ሲስተም አለን። በጃቫ የተሠራ ነው፤ 12 ዓመት ሞልቶታል። በአዘቦት ቀን 60 ያህል ሰው ይጠቀምበታል። ወር መጨረሻ ላይ ሒሳብ ሲዘጋ ግን ቁጥሩ 300 ይደርሳል። ያን ቀን ሲስተሙ ይንቀራፈፋል፤ ሲብስበት ጭራሽ ቀጥ ይላል። የሚሠራው በሚከፈልበት፣ ትልቅ ስም ባለው አፕሊኬሽን ሰርቨር ላይ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ውሉ ገና 3 ወር ይቀረዋል። የምናስተዳድረው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ነፃ ወደሆነው ቶምካት እንሂድ? ወደ ሌላው ነፃ ሰርቨር፣ ወደ ዋይልድፍላይ? ወይስ ከፍለን አርፈን እንቀመጥ?

34 መልስ መጣ። ሁሉም ስለ ሰርቨር አልነበረም፤ ስለ ድመትም አለበት። የተባለውን በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ።

መልስ 1 በ10 ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። አንዲት ቃል ናት፤ ቶምካት። አራት ነጥብ እንኳ የላትም። መልስ 2 አውራ ጣት ብቻ ለጥፎ ደገፈው። ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ ሁለት ቀን ሙሉ ምን አስጨነቀኝ አልኩ።

መልስ 3 የጨዋ ሰው መልስ ነበር። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ የማይወዳደሩ ነገሮችን እንዳወዳደርኩ ሳያሳፍረኝ ነገረኝ። ቶምካት የሰርቭሌትና የጄኤስፒ፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚያወጡ የጃቫ ኮዶች፣ ማስኬጃ ነው። ከብራውዘር የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ለኮዱ ያቀብላል፣ መልሱን ይመልሳል፤ ሥራው በአብዛኛው እዚያ ላይ ያበቃል። ዋይልድፍላይ፣ ፓያራ፣ ኦፕን ሊበርቲ፣ ዌብሎጂክና ዌብስፊር ግን ከዚያ በላይ ይሸከማሉ። ኢጄቢ (ሰርቨሩ የሚያስተዳድራቸው የጃቫ ክፍሎች) አላቸው፣ የመልእክት ወረፋ አላቸው፣ ዳታቤዙንና ወረፋውን አንድ ላይ የሚያስር ትራንዛክሽን አላቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን እንደምትጠቀሙ እወቁ አለኝ። አመሰገንኩት። ምክሩን ግን ሥራ ላይ አላዋልኩትም። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መልስ 4 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ይህኛው 3ኛውን ከመማሪያ መጽሐፍ እያነበብክ ነው ብሎ ጀመረ። በሱ እምነት አፕሊኬሽን ሰርቨር መምረጥ የሚባለው ጉዳይ ራሱ ጊዜው አልፎበታል። ስፕሪንግ ቡት የሚባለው የጃቫ ማዕቀፍ ከ2014 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቶምካትን ከነኮዱ አንድ ፋይል ውስጥ ጠቅልሎ ያስነሣል። ሰርቨሩ የፕሮግራሙ አካል ሆኗል፤ ለብቻው የሚጫን፣ ለብቻው የሚታጠን ነገር የለም። ውሸት አይደለም። አነጋገሩ ግን ለአዲስ ሥራ እንጂ ለኛ አይሆንም። መልስ 5ም ይህንኑ ነገረው። የ12 ዓመት ሲስተም ቅዳሜና እሁድ ተቀምጠው የሚገለብጡት አይደለም፤ አንተ ሞክረኸው ታውቃለህ ወይ ሲል ጠየቀው። 4ኛው አልመለሰም። ሞክሮት አያውቅም መሰለኝ።

መልስ 6 የመጣው ከአንድ አንጋፋ ሰው ነው። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እሳቸው ስለ የትኛው ይሻላል አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ይልቅ ታሪክ አወሩ። ቶምካትን መጀመሪያ የጻፈው በሰን ማይክሮሲስተምስ ይሠራ የነበረው ጄምስ ዳንከን ዴቪድሰን ነው። ኮዱ በ1999 አፓቺ ለሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ድርጅት ተሰጠ። ስሙን ከወንድ ድመት የወሰደው ራሱን ችሎ የሚኖር እንስሳ ስለፈለገ ነው። ጄቦስ የሚባለው ሰርቨር በ2006 በሬድ ሃት ተገዛ። ዌብሎጂክን የያዘው ቢኢኤ በ2008 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ወደ ኦራክል ሄደ። በ2010 ሰን ራሱ የኦራክል ሆነ፤ የሰን ሰርቨር የነበረው ግላስፊሽም አብሮ ሄደ። በ2013 ኦራክል ለግላስፊሽ የሚሰጠውን የንግድ ድጋፍ እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚያ ሰበብ ፓያራ ተወለደ።

ይህን ሁሉ ያወሩት ለጨዋታ አልነበረም። ሰርቨር ስትመርጡ የምትመርጡት የዛሬውን ባለቤት ነው፤ የነገውን አታውቁትም ለማለት ነው። ስለዚህ ኮዳችሁን በሰርቨሩ ልዩ ነገር አታስሩት፤ ደረጃውን የጠበቀውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ቤቱ ሲሸጥ ሻንጣችሁን ይዛችሁ መውጣት እንድትችሉ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 7 እሳቸውን በአክብሮት አረማቸው። ጋሼ ጄቦስ ስትሉ ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል፤ ዋይልድፍላይ ተብሎ የተሰየመው ነፃው ብቻ ነው፤ የሚከፈልበት ጄቦስ ኢኤፒ ስሙን ይዞ ቀጥሏል አላቸው። እሳቸውም ልክ ነህ ልጄ ብለው አለፉ። እንዲህ ዓይነት እርማት መድረክ ላይ ብርቅ ነው።

ከዚያ ድመቶቹ መጡ። መልስ 8 የቶምካትን አርማ ለጠፈ። መልስ 9 የራሱን ድመት ፎቶ ለጠፈ። መልስ 10 ድመቷ ኪቦርድ ላይ ተንጎራድዳ ዋናውን ሰርቨር እንዳጠፋችበት ማለ። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ እኔ ግን ስቄበታለሁ።

መልስ 11 ሁሌም የማይቀረው ሰው ነው። ለመሆኑ በጃቫ ምን ትሠራላችሁ፣ ኖድ እያለ አለ። መልስ 12 ሐሳቡን በሦስት መስመር አፈር አስበላው፤ ጠያቂው ሞተሩን ልቀይር ወይ ሲል አንተ መኪናውን ሽጠው ትላለህ አለው። መልስ 13 ፒኤችፒን ይዞ ሊገባ ሲል እኔ ራሴ በመልስ 14 ገባሁ። እንደገና አንጽፍም፣ በጃቫ እንቆያለን ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ነገሩ ቁም ነገር የሆነው መልስ 15 ላይ ነው። ሰውየው ስለ ሰርቨር ስም ደንታ የለውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። ወር መጨረሻ ላይ ሲስተሙ ቀጥ ሲል ምኑ ነው የሚያልቀው? ፕሮሰሰሩ ነው? ሜሞሪው ነው? ትሬዱ (አንድ ጥያቄ ይዞ የሚያስተናግደው የሥራ መስመር) ነው? ወይስ የዳታቤዝ ኮኔክሽኑ?

በመልስ 16 እውነቱን ተናገርኩ። አላውቅም። ሲቆም ሪስታርት እናደርገዋለን፤ ይነሣል።

መልስ 17 እስካሁን ይቆረቁረኛል። ምን እንዳመመው ሳይመረምር ሐኪም ሊቀይር ነው ብሎ ሳቀብኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው አለ። ሪስታርት ማድረግ የጥገና ስም ከሆነ የኔም አያት ሰርቨር ማስተዳደር ትችላለች ብሎ ጨመረበት። መልስ 18 ደግነቱ ይድረሰውና ሁላችንም ከዚያ ነው የጀመርነው ብሎ ተከራከረልኝ። እኔ ግን ስክሪኑን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። የሚያናድደው ስድቡ አልነበረም፤ ትክክል መሆኑ ነው።

15ኛው በመልስ 19 ተመለሰ፤ በሒሳብ። ቶምካትን ለምሳሌ ወሰደ። ምንም ሳይነኩት 200 ትሬድ ይፈቅዳል፤ ማለትም በአንድ ጊዜ 200 ጥያቄ ማስተናገድ ይችላል። 300 ሰው እያንዳንዱ በየ10 ሰከንዱ አንዴ ቢጫን በሰከንድ 30 ጥያቄ ይመጣል። አንዱ ጥያቄ ግማሽ ሰከንድ ቢወስድ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ የሚሆኑት ትሬዶች 15 ናቸው። ከ200 ውስጥ 15! ስለዚህ የትኛውም የታወቀ ሰርቨር ለ300 ሰው አያንስም። ሰርቨሩ ከቆመ አንድ ነገር ይዞት ነው።

የሚጠረጥረውንም ነገረኝ። የዳታቤዝ ኮኔክሽን በየጥያቄው አይከፈትም፤ ተከፍቶ ተዘጋጅቶ ከሚቀመጥ ገንዳ ይወሰዳል፣ ሲጨርሱ ይመለሳል። ገንዳው ደግሞ ሰው ከሚገምተው በላይ ትንሽ ነው። ገንዳ ከሚያዘጋጁት ላይብረሪዎች ሂካሪሲፒ ካልነገሩት 10 ብቻ ይይዛል፤ የአፓቺው ዲቢሲፒ 2 ደግሞ 8። አሁን አንድ የወር ሪፖርት 40 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነና 10 ሰው በአንድ ጊዜ ከጫነው ገንዳው ባዶ ነው። 11ኛው ሰው ዕቃ ሊመዘግብ ብቻ ቢመጣም ይቆማል። ከኋላው የሚመጣውም ይቆማል። ሰው ደግሞ ገጹ ሲዘገይበት አርፎ አይጠብቅም፤ ደግሞ ይጫናል። እያንዳንዷ ጫን ሌላ ትሬድ ትይዛለች።

የሚቀጥለው ወር መዝጊያ መቼ ነው አለኝ። ሐሙስ አልኩት። እንግዲያው ሪስታርት ከማድረግህ በፊት እጅህን ሰብስብና ትሬድ ደምፕ (ትሬዶቹ በዚያች ቅጽበት ምን ላይ እንዳሉ የሚያሳይ ፋይል) አውጣ፤ በ10 ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ሲስተሙ ቆሟል፣ ሲስተሙ ቆሟል። ባልደረባዬ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ሪስታርት ሰደደ። ያዝኩት። ሦስቱን ፋይሎች አወጣሁ። 20 ሰከንድ እንዲህ ረዝማብኝ አታውቅም። ከዚያ ሪስታርት አደረግንና ፋይሉን ከፈትኩት። ገጽ ሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ዓይነት መስመር። ኮኔክሽን በመጠበቅ ላይ። ኮኔክሽን በመጠበቅ ላይ። ቆጠርኳቸው፤ 143 ትሬድ። ሥራ ላይ የነበሩት 10 ብቻ ናቸው፤ አሥሩም ያንኑ አንድ ሪፖርት እያወጡ ነው። በሦስቱም ፋይሎች ላይ እነዚያው አሥሩ። የገንዳውን መጠን አየሁት። 10። ከ12 ዓመት በፊት ሲስተሙ ሲጫን የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ያን ቁጥር አይቼ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም አልኩ። የስንት ወር መጨረሻ ትዝ አለኝ።

ውጤቱን በመልስ 20 ለጠፍኩ። እልልታው ቀለጠ። 17ኛው አውራ ጣት አደረገልኝ፤ ይቅርታ እንደጠየቀኝ ቆጠርኩት።

መልስ 21 ደስታዬን ገታ አደረገው። ገንዳውን 200 አደርጋለሁ ብለህ እንዳታስብ አለ። 200 ሰው ዳታቤዙ ላይ በአንድ ጊዜ ከተረባረበ መቆሙ ከሰርቨሩ ወደ ዳታቤዙ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ምክሩ ሁለት ገንዳ ነው። ለሪፖርት 4 ኮኔክሽን ያለው የብቻው ገንዳ፤ ለትዕዛዝና ለምዝገባ ሌላ። ሪፖርት ፈላጊው ወረፋ ይጠብቅ፤ ዕቃ መዝጋቢው ግን በሱ ምክንያት አይቁም። ቀጥሎ ሪፖርቱ ለምን 40 ሰከንድ እንደሚፈጅ እይ፤ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) የሌለው ሠንጠረዥ ታገኛለህ ብሎ ተነበየ። አገኘሁ። ሁለት።

እዚህ ላይ ወሬው ያበቃል ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰበት። ጥያቄው ገና አልተመለሰማ! ሰርቨሩ ጥፋተኛ ካልሆነ ውሉ ይታደስ ወይስ አይታደስ?

መልስ 22 በቀጥታ ስለ ላይሰንስ አወራ፤ ሰውየው የቆሰለ ነው። ድርጅቱ የሚከፈልበትን ሰርቨር ከድሮው ማሽን ወደ ቨርቹዋል ማሽን (በትልቅ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር ወደተፈጠረ ማሽን) አዛወረ። ለቨርቹዋሉ የተሰጠው 4 ኮር (ክፍያው የሚቆጠርበት የፕሮሰሰር ክፍል) ነበር። አጣሪዎቹ ሲመጡ ግን የቆጠሩት ቨርቹዋሉ የተቀመጠበትን ትልቅ ማሽን ኮር በሙሉ ነው። ሻጩ ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የኛም ሰርቨር ቨርቹዋል ላይ ስለሆነ ልቤ ደነገጠ።

መልስ 23 የአንዲት ሴት ነው፤ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። 3ኛው የተናገረውን ማንም አልሰማውም ብላ ጀመረች፤ ስለኔ ነው። ከዚያ እንዴት እንደሚጣራ አሳየችኝ። ኮዱ ውስጥ በጃቫክስ የሚጀምሩትን ፓኬጆች (የኮድ ጥቅሎች) በሙሉ ፈልግ። የሰርቭሌቱን ለብቻ፣ የኢጄቢውን ለብቻ፣ የጄኤምኤሱን (የመልእክት ወረፋውን) ለብቻ፣ የትራንዛክሽኑን ለብቻ ቁጠር። ቀጥሎ የሰርቨሩን አምራች ስም የያዙትን ፓኬጆች ፈልግ፤ ጋሼ የተናገሩለት እስራት እነሱ ናቸው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን እዚህ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል አለች። ወረቀትህን ይዘህ ተመለስ ብላ እንደ ተማሪ ላከችኝ።

መልስ 24 22ኛውን አረመው። ሁሉም ውል እንደዚያ አይቆጥርም፤ ፕሮሰሰር የሚለው ቃል ውሉ ውስጥ እንዴት እንደተተረጎመ አንብብ አለ። መልስ 25 ደግሞ ማንም ያላሰበውን አነሣ። ሰርቨሩ ነፃ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ጃቫስ? ኦራክል ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የጃቫ ክፍያውን በሠራተኛ ቁጥር አድርጎታል። ጃቫን የነካ ያልነካ ሠራተኛ ሁሉ ይቆጠራል። እንደ ቴሙሪን ያሉ የኦፕንጄዲኬ (የነፃው ጃቫ) ዓይነቶች ግን አይከፈልባቸውም። ሮጬ የኛን አየሁ። ኦፕንጄዲኬ ነው። እፎይ።

ደህንነት የተነሣው መልስ 26 ላይ ነው፤ መድረኩም የጋለው ያኔ ነው። ሰውየው ነፃ ሰርቨርን የሚጠላ ይመስላል። በፌብሩዋሪ 2020 ይፋ የሆነውን ጎስትካት የተባለ የቶምካት ቀዳዳ ጠቀሰ (እንደገና ድመት!)። ቶምካት ኤጄፒ የሚባለውን በር፣ ፖርት 8009ን፣ ሳይነግሩት ከፍቶ ይነሣ ነበር። እዚያ በር የደረሰ ሰው የአፕሊኬሽኑን ፋይሎች ማንበብ ይችል ነበር። በቨርዥን 7.0.100፣ በ8.5.51ና በ9.0.31 ተዘጋ። ያላዘመነ ግን ክፍቱን ቀረ። ኢኩዊፋክስ የተባለውን የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት ዝርፊያም አነሣ፤ እዚያ እንኳ ቀዳዳው የነበረው ሰርቨር ላይ ሳይሆን አፓቺ ስትራትስ የሚባል ማዕቀፍ ላይ ነው። ፓቹ (ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ) በማርች 2017 ወጣ፤ ሳይጫን ቀረ፤ ሌቦቹ በሜይ ገቡ፤ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰው መረጃ ወጣ።

መልስ 27 ትዕግሥቱ አለቀ። የሚከፈልበትስ ታቦት ነው ወይ ሲል መለሰ። በኦክቶበር 2020 በዌብሎጂክ ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ያለ ፓስወርድ ሰርቨሩን ለሌላ ሰው ያስረክብ ነበር፤ ክፍያው አላዳነም አለው። በመልስ 28 26ኛው ስለ 27ኛው የሥራ ልምድ ጥሩ ያልሆነ ነገር ጻፈ። መልስ 29 የለም፤ የመድረኩ አስተናባሪ ሰርዞታል። ሳይሰረዝ አይቼዋለሁ፤ ባይነገር ይሻላል።

በኔ ግምት ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ መናደዳቸው ነው ያላሳያቸው። ፓቹ ከሁለቱም ይመጣል። ጥያቄው ማን ይጭነዋል ነው። እኛ ጋ ማን እንደሚጭነው ራሴን ጠየቅኩ። ባልደረባዬን አየሁት። እሱም አየኝ።

መልስ 30 ጭቅጭቁን ረግጦ አልፎ የሚሠራውን ነገረን። ከፊት ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቺ የሚባለውን፣ ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ የድር ሰርቨር አስቀምጡ፤ ለውጭ የሚታየው ፖርት 443 ብቻ ይሁን። የቶምካቱ ፖርት 8080 ለማንም አይታይ። ከቶምካት ጋር የሚመጣውን ማኔጀር ገጽ ካልፈለጋችሁት አውጡት። ሰርቨሩን በሩት፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችለው የማሽኑ አካውንት፣ ስም አታስነሡት፤ ሌባ ከገባ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። የደህንነት ማስታወቂያውም ለሁለታችሁም በኢሜይል ይድረሳችሁ፤ አንዱ ዕረፍት ሲወጣ ሌላው እንዲያየው።

ጋሼ በመልስ 31 ተመለሱ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። ባለፈው ዓመት ድጋፍ ሰጪዎቹን ስንት ጊዜ ጠራችኋቸው? ምንስ አደረጉላችሁ? የድሮ ኢሜይሎችን በረበርኩ። ሦስት ጊዜ። ሁለቱን ጊዜ ሎግ ላኩ አሉን፤ ላክን፤ በዚያው ቀረ። በሦስተኛው ወደ አዲሱ ቨርዥን እለፉ አሉን። የገንዳውን መጠን ግን አንድም ሰው አልጠየቀንም። የጠየቀኝ የማላውቀው፣ ምንም ያልተከፈለው 15ኛው ነው።

ነገሩ ለአንድ ወገን ብቻ እንዳያዳላ መልስ 32 ተቃራኒውን አወራ። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። አንድ ሌሊት ኃይል ተቋርጦ ሰርቨሩ ሲነሣ ግማሽ ላይ የተንጠለጠሉ ትራንዛክሽኖች ቀሩ። ዳታቤዙ ተከፍሏል ይላል፤ ወረፋው አልተከፈለም ይላል። ድጋፍ ሰጪው ድርጅት መሐንዲስ መደበላቸው፤ እስኪነጋ ስልክ ላይ አብሯቸው ቆየ። ጠዋት በር ሲከፈት ሒሳቡ ገጥሞ ነበር። የአምስት ዓመቱ ክፍያ ለዚያች ሌሊት ነው ብሎ ያምናል። ይህን መካድ አይቻልም። የሱ ጣጣ ግን የኛ አይደለም፤ ወይም አይደለም ብዬ አስቤ ነበር።

የ23ኛዋን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አብዛኛው ኮዳችን ሰርቭሌትና ጄኤስፒ ነው። ኢጄቢ 11 ክላስ አለ፤ ሁሉም ትራንዛክሽን ከመክፈትና ከመዝጋት ሌላ ሥራ የላቸውም። የአምራቹ ስም ያለባቸው ፓኬጆች ሁለት ቦታ ብቻ ተገኙ፤ ሁለቱም ለሎግ ናቸው። እዚህ ድረስ ቶምካት ይበቃናል እያልኩ ነበር። ከዚያ የመልእክቱን ወረፋ አገኘሁ። ትዕዛዝ ሲጸድቅ ዳታቤዝ ላይ ይጻፋል፤ እዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ለመጋዘኑ መልእክት ይላካል። ሁለቱ በአንድ ገመድ ታስረዋል። ወይ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ወይ ሁለቱም አይሆኑም። የ32ኛው ሌሊት እኛም ቤት አለች ማለት ነው፤ እስካሁን አልመጣችም እንጂ። ቶምካት ብቻውን ይህን ገመድ አያስርም።

መልስ 33 በዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አሳየኝ። ቶምካትም ቢሆን 10ን እንዳትጭን አለ። ከጃካርታ ኢኢ 9 (የጃቫ ሰርቨሮች የጋራ ደረጃ) ወዲህ፣ ማለትም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ፣ ጃቫክስ የሚለው የፓኬጅ ስም ጃካርታ ተብሏል። ቶምካት 10 አዲሱን ስም ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የኛን ኮድ እንዳለ ብንሰጠው አያነበውም። ቶምካት 9 የድሮውን ስም ይቀበላል፤ በጃቫ 8ም ይሠራል። ዋይልድፍላይም ከ27 ጀምሮ ወደ አዲሱ ስም ተሻግሯል። አፓቺ ስሙን የሚቀይር መሣሪያ አዘጋጅቷል፤ ይሠራል፤ የድሮ ላይብረሪ በበዛ ቁጥር ግን መፈተኑ ይረዝማል አለ።

ከባልደረባዬ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ተከራከርን። ለአለቃዬ የሄደው ወረቀት ሁለት ገጽ ነው። ውሉ ለ1 ዓመት ብቻ ይታደስ፤ ሻጩ የጠየቀው ለ3 ዓመት ነበር። 3 ወር ለሁለት ሰው ያን ገመድ ለመፍታት አይበቃም። በዚህ ዓመት ውስጥ መልእክቱ መጀመሪያ ዳታቤዝ ላይ በሠንጠረዥ ይቀመጣል፤ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ከዚያ እያነሣ ለመጋዘኑ ይልካል። መልእክቱ ሁለቴ ቢላክ እንኳ የትዕዛዙ ቁጥር አንድ ስለሆነ መጋዘኑ ሁለተኛውን ይጥለዋል። ያ ከሠራ 11ዱ ኢጄቢ በስፕሪንግ ይተካሉ። ከዚያ የፓኬጁ ስም ይቀየርና ወደ ቶምካት እንሄዳለን። አለቃዬ ሁለተኛውን ገጽ አላነበበም፤ የመጀመሪያውን ግን ፈረመበት።

ይህን ውሳኔ ከ33ኛው መልስ ሥር ለጠፍኩት። 17ኛው አንድ ዓመት ሙሉ መክፈል ፍርሃት ነው የሚል አስተያየት ከሥሩ ጣለ። ይሁን። ጎመን በጤና ብዬ አለፍኩት። ጋሼ ደግሞ አንድ የሚሥቅ ፊት አስቀመጡ።

የመጨረሻው፣ መልስ 34፣ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጸሐፊው እስከዚያ አንድም ነገር ያልጻፈ ሰው ነው። ገንዳውን ለይታችኋል፣ ኢንዴክሱን ሠርታችኋል፣ ጥሩ ነው ካለ በኋላ፣ ሪፖርቱን የሚያወጣው ቁልፍ ግን አንዴ ከተጫነ በኋላ ይቆለፋል ወይስ ደግሞ ይጫናል ሲል ጠየቀ።

ገጹን ከፈትኩ። ጫንኩት። መሽከርከር ጀመረ። ደግሜ ጫንኩት።

ይጫናል።